ስለ ሰፊ ቅጠሉ የሻይ ተክል ባሕርይና ስለሚስማማው ምድር

ሻይ የሚባለው መጠጥ በከተማም በባላገርም የታወቀ ነው፤ መጠጡ የሚወጣበት ተክል ግን እንደ መጠጡ የታወቀ አይደለም። በየቀኑ ሻይ የሚጠጣ ሰው፣ ተክሉ ዛፍ ነው ወይስ ሐረግ፣ ቆላ ይወዳል ወይስ ደጋ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚያጣው ብዙ ነው። ይህ ለጠጪው ነውር አይደለም። ነገር ግን አገር የሚያስተዳድር ሹም፣ እርሻ የሚያስከፍት ባለ ሀብት፣ ለገበሬም ችግኝ የሚያድል የወረዳ ኃላፊ የተክሉን ባሕርይ ሳይመረምር «ይተከል» ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ ጉዳቱ በሌላው ሰው ላይ ይወድቃል። ጤፍ ወይም በቆሎ በማይስማማው መሬት ቢዘራ የሚጠፋው የአንድ ክረምት ድካም ነው። ሻይ ግን ከተተከለ በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት ገደማ የሚረባ ለቀማ አይሰጥም፤ ከተስማማውም ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ በቦታው ይኖራል። ስለዚህ በሻይ ነገር ስሕተት የሚታወቀው ገበሬው እህሉን ትቶ ሦስትና አራት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ነው። ይህ ትምህርት የተጻፈው ትእዛዝ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባውን ለማስታወቅ ነው።

ስለ ተክሉ መልክና ወገን

የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉን ካሜሊያ ሲኔንሲስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የቻይና ካሜሊያ ማለት ነው። ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 ዓ.ም. ቴያ ሲኔንሲስ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ኋላ ግን በአበባቸው ውበት ከሚታወቁት የካሜሊያ ዕፅዋት ወገን መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ስሙ ተለወጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተክሉ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ለምለም ሲሆን ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው የቻይና ዓይነት ነው፤ ይኸውም ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራምና ጠንካራ፣ ግንዱም ከመሬት ጀምሮ ብዙ ሆኖ የሚወጣ አጭር ቁጥቋጦ ሲሆን ብርድን ይችላል። ሁለተኛው የአሳም ዓይነት ነው። አሳም በሕንድ አገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በብራህማፑትራ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለ አገር ነው። የዚህኛው ቅጠል ሰፊ፣ ስስና ልስልስ ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ማለት አንድ ስንዝር ያህል ይሆናል፤ ጫፉ ሾጣጣ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው፤ ፊቱም ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ በቅርንጫፉ ላይም ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይንጠለጠላል። በሁለቱ መካከል የሚገኝ፣ የካምቦዲያ የሚባል ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። በምሥራቅ አፍሪካ እርሻዎች የሚታየው ሻይ አብዛኛው የአሳም ዘር ወይም የአሳም ዘር ከሌሎቹ ጋራ የተደባለቀበት ስለ ሆነ፣ ከዚህ በኋላ ሻይ ስንል የምንናገረው ስለዚሁ ስለ ሰፊ ቅጠሉ ነው።

ተክሉን በእርሻ ውስጥ ያየ ሰው፣ ቁመቱ ከወገብ የማይበልጥ፣ አናቱም እንደ ገበታ የተደለደለ ቁጥቋጦ ነው ብሎ ይናገራል። ይህ ግን የተፈጥሮ መልኩ አይደለም፤ ቁጥቋጦ ያደረገው የሰው ቢላዋ ነው። የአሳም ሻይ ሳይነኩት ቢተዉት በአንድ ግንድ ቆሞ ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ይሆናል። ይህን ማወቅ ለወሬ ያህል ብቻ የሚጠቅም አይምሰል። ከላይ እየተቆረጠ ዝቅ ያለው ተክል ከመሬት በታች ዛፍነቱን አይተውም፤ ዋና ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ስለዚህ መሬት ሲመረጥለት ለቁጥቋጦ ሳይሆን ለዛፍ እንደሚመረጥ ሆኖ መመረጥ ይገባዋል።

አበባው ነጭ፣ መካከሉም በብዙ ቢጫ ክር የተሞላ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ቅርፊት ያለው ሆኖ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቡናማ ዘር ይይዛል፤ ከአበባ ተነሥቶ እስኪበስልም ወደ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። አንድ ዛፍ በራሱ አበባ ብናኝ እምብዛም አያፈራም፤ ነፍሳት ከሌላ ዛፍ የሚያመጡለትን ብናኝ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ከአንዲት እናት ዛፍ የተለቀሙ ዘሮች እንደ አንድ እናት ልጆች መልካቸውም ጠባያቸውም ይለያያል፤ አንዱ ትጉህ ቅጠል ሰጪ ሲሆን ሌላው ሰነፍ ይሆናል። የሻይ ገበሬዎች ከዘር ይልቅ በተመረጠ እናት ቅርንጫፍ ማባዛትን የወደዱት ስለዚህ ነው።

ተክሉ በአሳም እንዴት እንደ ታወቀ

በአሳም ጫካ የሚኖሩት ሲንግፖ የሚባሉት ነገዶች ይህን ዛፍ ያውቁት፣ ቅጠሉንም አፍልተው ይጠጡት ነበር። በ1823 ሮበርት ብሩስ የተባለ የእስኮትላንድ ሰው ነገሩን ከሲንግፖ አለቃ ዘንድ ተረዳ፤ ወንድሙ ቻርልስ አሌክሳንደር ብሩስም ተክሉን ለእንግሊዝ ሹማምንት አሳወቀ። ቅጠሉ ወደ ካልካታ ቢላክም በዚያ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ እውነተኛ ሻይ መሆኑን ስላልተቀበለ ነገሩ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ቀረ። በ1834 የሕንድ ገዥ የነበረው ሎርድ ዊሊያም ቤንቲንክ የሻይ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሳም ዛፍ እውነተኛ ሻይ መሆኑን መሰከረ።

የሚያስደንቀው ከዚህ ሁሉ ምስክርነት በኋላም ከቻይና ዘር ማስመጣቱ አለመቅረቱ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በሰው እጅ የለማ ዘር ከዱር ዛፍ ይበልጣል የሚል እምነት ነበርና። ከዚያ ዘር ከበቀሉት ችግኞች ከፊሉ በሳዲያ አጠገብ በወንዝ ዳር ተተከለ። ቦታው ከላይ ጥቂት ደለል የለበሰ፣ ከታች ግን አሸዋ ነበር፤ ሥሩ ወደ አሸዋው በደረሰ ጊዜ ችግኙ ደረቀ። በ1838 ወደ ሎንዶን ተልኮ በጥር 1839 ለሐራጅ የቀረበው የመጀመሪያው የአሳም ሻይ የተሠራው ከተናቀው ከአገሬው ዛፍ ቅጠል ነበር። የተረፈው የቻይና ዘር ደግሞ በአበባ ከአገሬው ጋራ እየተደባለቀ የዘሩን ጥራት ስላበላሸው በኋላ ዘመን ያሉ ገበሬዎች ብዙ አማረሩበት።

የሰሎን ደሴት ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ዋናው ተክል ቡና ነበር። ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዝገት የሚባለው የቡና በሽታ ተነሥቶ እርሻዎቹን ስላጠፋ፣ ጄምስ ቴይለር በ1867 በሉልኮንዴራ የጀመረውን የሻይ እርሻ አርአያ አድርገው ሁሉም ወደ ሻይ ዞሩ። እነርሱ ቡናቸው ስለ ሞተባቸው ሻይ ተከሉ። በእኛ አገር ግን ቡና የአገሩ ተወላጅ ነውና፣ መልካም የቡና መሬት ነቅሎ ሻይ ማድረግ በእኛ አስተያየት የሚደገፍ ሐሳብ አይደለም። ሻይ ቦታ የሚያገኘው ለቡና በሚበርድ፣ ለእህልም እጅግ በኮመጠጠ ምድር ነው።

ስለ አፈሩ

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የአፈሩ ነገር ነው። የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበረታል። እያንዳንዱ ደረጃም አሥር እጥፍ ነው፤ ይኸውም ቁጥሩ 5 የሆነ አፈር ቁጥሩ 6 ከሆነው አሥር ጊዜ የኮመጠጠ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ቁጥሩ ከ5 ተኩል በታች ሲወርድ ይታወካሉ። ሻይ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ከ4 ተኩል እስከ 5 ተኩል ያለውን ነው። ከ6 በላይ ሲሆን ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱ ይደክማል፣ በመጨረሻም ሊሞት ይችላል።

ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አፈር በኮመጠጠ ጊዜ ይህ ንጥረ ነገር በውሃ ይሟሟል፤ የሟሟውም የእህልን ሥር ይጎዳል፤ ሥሩ አጭርና ደንዳና ሆኖ ይቀራል። ሻይ ግን አሉሚኒየሙን ከመሬት እየሳበ በአሮጌ ቅጠሎቹ ያከማቸዋል እንጂ አይጎዳበትም፤ ሥሩም ጥቂት አሉሚኒየም ሲያገኝ ይበልጥ ይበረታል። በአንጻሩ ኖራ የበዛበትን መሬት አይችልም። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የረጅም ዘመን ዝናብ ኖራውን አጥቦ የወሰደበት ጥልቅ ቀይ አፈር ሰፊ ነው፤ ገበሬው «ይህ መሬት ደከመ፤ ገብስ እንቢ አለ» ሲል ከሚያማርርበት ቦታ ከፊሉ ለሻይ የተመቸ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሹማምንት ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የኮመጠጠውን የእህል መሬት ለማዳን የተፈጨ ኖራ ለገበሬ ይታደላል፤ ይህም ለእህል መልካም መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለገብሱ መድኃኒት የሆነው ኖራ ለሻዩ መርዝ ነው። በአንድ ቀበሌ በአንዱ ጽሕፈት ቤት በኩል ኖራ፣ በሌላው በኩል የሻይ ችግኝ እየታደለ፣ ሁለቱም በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ቢገናኙ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ኖራ የተበተነባቸው ማሳዎች በመዝገብ ይጻፉ፤ የሻይ ቦታ የሚመርጠውም ሰው አስቀድሞ መዝገቡን ይመልከት።

ከኖራ የሚብስ ደግሞ አመድ ነው፤ ማንም ሳያስበው በየስፍራው ይገኛልና። በኬንያና በማላዊ የሻይ እርሻዎች መካከል፣ ዙሪያው ሁሉ ለምለም ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ብቻ በክብ ተመልጦ፣ ተክሉ ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር። ሲመረመር ቦታው በቀደመው ዘመን የሰው ጎጆ ወይም የከብት በረት የነበረበት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ለብዙ ዓመት የተደፋው የምድጃ አመድና የከብት ፍግ የመሬቱን ኮምጣጣነት አጥፍቶት ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ቦታ ኦና እንለዋለን። ኦና ለጎመን፣ ለትምባሆ፣ ለበቆሎ የተመረጠ መሬት እንደ ሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ለአዲስ ተክል ከሁሉ የሚሻለውን መሬት ስጥ የተባለ ቅን ገበሬ ኦናውን ይሰጣል። በሻይ ነገር ግን ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ከሰል የተከሰለበት ጉድጓድ፣ እንጨት ተከምሮ የተቃጠለበት ቦታ፣ የጥንት መንደር ፍራሽ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ድኝ በመበተን አፈሩን መልሶ ማኮምጠጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃልና ጥቂት ቦታ ከሆነ ለጎመኑ መተው ይሻላል። የቀበሌው ሽማግሎች የትኛው ማሳ መንደር እንደ ነበረ ያስታውሳሉ፤ ሳይጠየቁ ግን አይናገሩም።

አፈሩ ለምርመራ ሲወሰድ ከአንድ ቦታ ብቻ አይወሰድ። ከማሳው ከልዩ ልዩ ስፍራ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም አፈር ለየብቻ ይወሰድ፤ ላይኛው ኮምጣጣ ሆኖ ታችኛው የማይስማማ የሚሆንበት ጊዜ አለና። ከዚህ ጋራ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር። በዚያ ጥልቀት ውስጥ ድንጋይ፣ የጠነከረ ሸክላ ወይም እንደ ሳዲያው አሸዋ ከተገኘ ቦታው ይተው። ውሃ ያቆራል እንደ ሆነ ወይም አፈሩ በመካከሉ ግራጫና የዛገ ብረት የመሰለ ነጠብጣብ ካሳየ፣ በክረምት ሥሩ በውሃ እንደሚታፈን ምልክቱ ይህ ነው። ሻይ ብዙ ዝናብ ይወዳል፤ እግሩ በውሃ ውስጥ እንዲቆም ግን አይወድም። ጥቁር መረሬ መሬት ስለዚህ አይሆነውም።

ስለ ዝናብና ስለ አየር

ሻይ በዓመት ከ1,200 ሚሊሜትር የማያንስ ዝናብ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ቢያገኝ ደስታው ነው። የዓመቱ ድምር ብቻ ግን ሰውን ያታልላል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ የሚወርድበት ደጋ አገር ድምሩ 1,500 ሚሊሜትር ቢደርስ ስንኳ፣ ቀሪዎቹ ወራት ደረቅ ስለሚሆኑ ተክሉ ይጨነቃል። ደረቁ ወራት ከሦስት የበለጠ እንደ ሆነ መስኖ ያስፈልጋል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ከሜትሮሎጂ ጣቢያ ሲጠይቅ «በዓመት ስንት ይዘንባል» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ የብዙ ዓመት መዝገብ በየወሩ ተለይቶ እንዲሰጠው ይጠይቅ። በኢሉባቦር፣ በሸካና በካፋ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ የአገራችን ሁለቱ የታወቁ የሻይ እርሻዎች፣ በጎሬ በኩል ያለው ጉማሮና በቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽ፣ በዚያ ወገን መገኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም።

የአየሩ ሙቀት ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። አመዳይ የሚወርድበት ረባዳ ቦታ ለሰፊ ቅጠሉ ሻይ አይሆንም። በረዶም ትልቅ ጠላቱ ነው፤ በኬንያ በኬሪቾ አውራጃ በረዶ በየጊዜው እየወረደ ለጋውን ቅጠል ያረግፈዋል።

እዚህ ላይ በአሳምና በእኛ አገር መካከል ያለው ልዩነት ሊታወቅ ይገባል፤ ከእስያ መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ ያሳስታልና። አሳም በወንዝ ዳር ያለ ዝቅተኛና ሞቃት አገር ነው፤ ከምድር ወገብም እጅግ ርቆ ስለሚገኝ በብርዱ ወራት ቀኑ ያጥራል። የቀኑ ብርሃን ከ11 ሰዓት ከሩብ ባነሰ ጊዜ የሻይ ተክል ይተኛል፤ ስለዚህ በአሳም ለቀማ ለጥቂት ወራት ይቆማል። በእኛ አገር የዓመቱ አጭር ቀን ስንኳ ከዚህ የበለጠ ነውና ተክሉ በቀን ማጠር አይተኛም፤ ለቀማውን የሚቀንሰው ድርቅ ብቻ ነው። እንዲሁም በአሳም ፀሐዩ ስለሚበረታ በሻዩ መካከል ከእኛ ሰሳ ጋራ የሚዛመዱ የጥላ ዛፎች ይተክላሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ግን አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ጥላው ምርቱን እንደሚቀንስ ታይቶ ብዙ እርሻዎች ትተውታል፤ እንደ ግራቪሊያ ያለውን ዛፍ ከነፋስ መጋረጃነት በቀር አይፈልጉትም።

ስለ ደን

የሻይ አገርና የደን አገር አንድ ስለ ሆነ፣ ሻይ ይተከል የተባለ እንደ ሆነ ወዲያው መጥረቢያ የሚያነሣ አለ። ይህ በሁለት ወገን ጉዳት አለው። የመጀመሪያው በራሱ በሻዩ ላይ የሚመጣ ነው። ትልቅ ዛፍ ተቆርጦ ሥሩ በመሬት ሲቀር፣ አርሚላሪያ የሚባለው የሥር ሻጋታ በዚያ ጉቶ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ከሥር ወደ ሥር እየተላለፈ ሻዩን ይገድላል። ሻዩ በዚህ በሽታ የሞተ እንደ ሆነ የሥሩን ቅርፊት ሲልጡት ነጭ ሽፋን ይታያል። ከቀድሞ ጀምሮ በቆመ በረሃማ ሳይሆን ለምለም ዱር ላይ መትከል ግድ የሆነባቸው ገበሬዎች፣ ዛፉን ከመቁረጣቸው አንድ ወይም ሁለት ዓመት አስቀድመው ቅርፊቱን በክብ ይልጡታል፤ እንዲህ ሲሆን በሥሩ ያለው ምግብ ያልቅና ሻጋታው የሚበላውን ያጣል። ዛሬ ቆርጦ ነገ መትከል ግን ለሻጋታው ድግስ መደገስ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ይበልጣል። የካፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆነው ተመዝግበዋል፤ በውስጣቸው የሚገኘው የዱር ቡና ሌላ ቦታ የማይተካ የዘር ግምጃ ቤት ነው። ለሻይ ተብሎ ይህን መመንጠር የበለጠውን ሰጥቶ ያነሰውን መቀበል ነው። ደግሞም የደኑ እርጥበት ለሻዩ ራሱ ያስፈልገዋል፤ የኬሪቾ ሻይ ከማው ደን አጠገብ መኖሩን ኬንያውያን እንደ ትልቅ ሀብት ይቆጥሩታል። ስለዚህ የሚፈለገው ከቀድሞ የተከፈተው፣ እህል የደከመበት መሬት ነው። ግጦሽ ከሆነ ግን ከብቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወሰን አይከለል፤ ባዶ የሚመስል መስክ ሁሉ ባለቤት የሌለው አይደለም።

ስለ አተካከል በአጭሩ

ዘሩ ቅባት ያለበት ስለ ሆነ ከደረቀ ቶሎ ይሞታል፤ እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም። በውሃ ውስጥ ሲጥሉት የሰመጠው ይተከላል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል። በቅርንጫፍ ለማባዛት ከተመረጠ እናት ተክል አንድ ቅጠልና አንድ ዓይን ያለው፣ ርዝመቱ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ይወሰድና ኮምጣጣ የታች አፈር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከጥላ በታች ይተከላል። ለዚህ ፍግ ያለበት ጥቁር አፈር አይጨመር፤ ብዙ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ለቡና የለመደውን ለሻይ እያደረገ ችግኙን ያጣል። ችግኙ በመደቡ ወደ አንድ ዓመት ይቆያል። በዝናብ መግቢያ ወደ ማሳ ሲወጣ በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር ከ20፣ በተክልና በተክል መካከል 75 ሳንቲሜትር ቢደረግ በአንድ ሄክታር 11,000 ያህል ተክል ይገባል። በተዳፋት ቦታ መስመሩ ቁልቁል ሳይሆን ተራራውን ተከትሎ ይሁን፤ መሬቱም ተክሉ እስኪሸፍነው ድረስ በሣር ጉዝጓዝ ይልበስ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መግረዝ ነው። ወጣቱ ተክል ዝቅ ተደርጎ ይቆረጥና ወደ ጎን እንዲሰፋ ይገደዳል፤ ኋላም በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ እንደ ገና ይገረዛል። ጀማሪ ገበሬ ያማረውን ተክሉን ሲቆርጡበት ይከፋዋልና ምክንያቱን አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ለቀማውና ፋብሪካው

የሚለቀመው ጫፉ ላይ ያለው ያልተፈታ እንቡጥና ከእርሱ በታች ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ናቸው፤ ካፌይን የሚባለው የሚያነቃው ነገር በእነዚህ ይበዛልና። ትልቁን አሮጌ ቅጠል መጨመር ክብደቱን ያበዛል፤ ሻዩን ግን ያዋርዳል። ተክሉ በሚያድግበት ወራት በየ7 እስከ 14 ቀን ይለቀማል፤ ይህም ማለት ቡና በዓመት አንድ ጊዜ እንደሚለቀመው አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ የሰው ኃይል ይጠይቃል። የእህል አጨዳ ሲደርስ ለቃሚው ሁሉ ወደ ማሳው የሚሄድበት ቀበሌ ይህን አስቀድሞ ያስብ።

አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት አራት ኪሎ ተኩል ያህል ለምለም ቅጠል ያስፈልጋል፤ 2,000 ኪሎ ደረቅ ሻይ የሚፈልግ ሰው 9,000 ኪሎ ቅጠል ማጓጓዝ አለበት ማለት ነው። ቅጠሉም ከተለቀመ በኋላ በጆንያ ታፍኖ ቢቆይ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ይበላሻል፤ በዚያው ቀን ፋብሪካ መድረስ ይገባዋል። በፋብሪካው ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ አየር እያገኘ ይቀላል፣ በመጨረሻም በእሳት ሙቀት ይደርቃል። ከዚህ የተነሣ በኬንያ በ1964 የተቋቋመው የሻይ ልማት ባለሥልጣን ለትንንሽ ገበሬዎች ችግኝ ከማደል ጋራ የቅጠል መሰብሰቢያ ቦታዎችን፣ መንገዱንና ፋብሪካውን አብሮ ማሰናዳት ሥራው ነበር። መኪና በክረምት የማይደርስበት ቀበሌ፣ አፈሩ ምንም ቢስማማ፣ መንገዱ ሳይሠራ ሻይ አይተከልበት። ቅጠሉ እጅግ የሚበዛው መንገዱ በሚበላሽበት በዝናቡ ወራት ነውና፤ ገበሬው ለቅሞ የሚሸጥለት ያጣ እንደ ሆነ እንደ እህል አያኖረው፣ ለከብትም መኖ አያደርገው፤ በደጃፉ ይበሰብሳል።

ስለ ባዕድ ዘር

በመጨረሻ፣ ከውጭ አገር ችግኝ ወይም ቅርንጫፍ በግል የሚያስመጣ ሰው ቢገኝ ሹማምንት ይከልክሉት። በእስያ የሻይ ቅጠልን በእብጠት የሚያበላሽ አንድ የሻጋታ በሽታ አለ፤ በአሳም ከቀድሞ የታወቀ ሲሆን በ1946 ወደ ሰሎንና ወደ ደቡብ ሕንድ ተሻግሮ ታላቅ ጥፋት አደረገ። የሚያጠቃው ለጋውን ቅጠል፣ ማለት የሚለቀመውን ራሱን ነው፤ ጭጋግና እርጥበት ባለበት ደጋም ይበረታል። በሽታው ከለምለም ተክል ጋራ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ዓይነት የፈለገ ባለ እርሻ ጥያቄውን በግብርና ሚኒስቴር በኩል ያቅርብ፤ ተክሉም በኳራንቲን ቆይቶ ጤነኛ መሆኑ ከታየ በኋላ ይሰጠው። በኬላ ላይ ያለ ፈቃድ የተያዘ ችግኝ ሲገኝ ለሌላ ሰው ይሰጥ ወይም በአቅራቢያው ይተከል አይባል፤ ከነአፈሩ በቦታው ይቃጠል።